የዶፕለር ሕግና ያልተቋረጠ ሞገድ መሣሪያ

ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ንድፈ ሐሳቡን በፕራግ ሲያቀርብ የሚያስበው ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ነበር። በ1845 ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ ሕጉን በድምፅ አረጋገጠ። ለባሕር ዳር ተማሪ ግን ወደ ጣና ገዳማት የምትጓዘው ጀልባ ጥሩምባ ጥሩ ምሳሌ አይሆንም፤ በሰከንድ 5 ሜትር ብትጓዝ የድምፁ ለውጥ ከመቶ 1.5 ያህል ብቻ ስለሆነ ጆሮ በቀላሉ አይለየውም። በዐባይ ድልድይ ላይ የሚከንፍ መኪና ይሻላል።

በ1950ዎቹ ጃፓናዊው ሳቶሙራ ሕጉን በኦሳካ ለልብ ምርመራ አዋለው። በመሣሪያው አንዱ ክሪስታል ሞገዱን ያለማቋረጥ ይልካል፤ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ በጠበበ የልብ በር የሚወረወረውን ደም ከፍተኛ ፍጥነት ይለካል። ይህም በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣውን፣ የኢትዮጵያን ተማሪዎች የሚጎዳውን የልብ በሽታ ለመመርመር ይረዳል። ነገር ግን ፍጥነቱ ከየትኛው ጥልቀት እንደ መጣ ለይቶ አያሳይም። ሞገዱም ከደሙ ፍሰት ጋር 90 ዲግሪ ከሠራ፣ የሚሮጠውን ደም እንደ ቆመ ይቆጥረዋል።