በሽታውም ፈውሱም ከካምፓላ ተነሳ፤ የሚድነው ግን ማን ነው?

እ.ኤ.አ. 1957፣ ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል። አንድ ትንሽ ልጅ ላይኛውና ታችኛው መንጋጋው በግራም በቀኝም አብጦ ተኝቷል። የአየርላንዱ ተወላጅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት አየው፤ በሽታው ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል እየሠራ ሳለ በመስኮት ሲመለከት፣ ፊቱ እንደዚያው ያበጠ ሌላ ልጅ አየ። ያኔ ነገሩ አጋጣሚ አለመሆኑ ገባው።

በ1958 ያየውን ጽፎ አሳተመ። በሽታው ዛሬ በስሙ በርኪት ሊምፎማ ይባላል። በፍጥነት በማደግ የሚስተካከለው ካንሰር ጥቂት ነው፤ ዕጢው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በ1961 በርኪት ከሁለት ሐኪሞች ጋር በአሮጌ መኪና ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የአፍሪካን ሆስፒታሎች ጠየቀ። በሽታው የሚበዛው ወባ በሚበዛበት ቆላ ሆኖ ተገኘ። ከካምፓላ ለንደን ከተላከ ናሙና ደግሞ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በ1964 አንድ ቫይረስ አገኙ። በሰው ላይ ካንሰር ከማምጣት ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ቫይረስ ነበር።

ያኔ ኡጋንዳ የጨረር ሕክምና አልነበራትም። ዕጢውን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ መጨረስም አልተቻለም። የቀረው መድኃኒት ብቻ ነበር። ጥቂት ጊዜ መድኃኒት ብቻ ወስደው ዕጢያቸው የጠፋላቸው፣ በዚያው የዳኑ ልጆችም ታዩ። ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል ቀድመው ካሳዩት አንዱ ይህ ነው። በ1967 የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በ1972 በርኪትና የኢንስቲትዩቱ መሪ ጆን ዚግለር የላስከርን ሽልማት ከተቀበሉት መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢዲ አሚን እስያውያንን አባረረ፤ የውጭ ሐኪሞችም አገሩን ለቀው ወጡ። ተቋሙን ይዞ የቀጠለው ኡጋንዳዊው ሐኪም ቻርለስ ኦልዌኒ ነበር።

ዛሬስ? በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ በሽታ ከያዛቸው አሥር ልጆች ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ አገሮች ግን ግማሹም አይተርፍም።

ዋናዎቹ መድኃኒቶች አዲስ አይደሉም፤ በርኪት ራሱ ከተጠቀመባቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሰጡ አሉ። ልዩነቱ በመድኃኒቱ ዙሪያ ባለው ነገር ላይ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞ ሲሰጥ የሰውነት መከላከያ ይወድቃል፤ ስለዚህ ደም፣ አንቲባዮቲክና ሌት ተቀን የሚሠራ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ሐኪሙ መጠኑን ለመቀነስ ይገደዳል። ናሙናውን የሚመረምር ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ቤተሰብ የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲያልቅበት ሕክምናውን ያቋርጣል። በቀናት ውስጥ እጥፍ ለሚሆን ዕጢ ደግሞ ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው።

ስለዚህ «አፍሪካ አዲስ መድኃኒት ያስፈልጋታል» ሲባል እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ይህን ካንሰር የሚያድነው መድኃኒት ካምፓላ ውስጥ ከተሞከረ 60 ዓመት አልፎታል። እስካሁን የጎደለው ልጁን በጊዜ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ እስከ መጨረሻውም የሚያሳክመው በጀት ነው።