ኦ ክፍል

ኦ ክፍል (ዜሮ ክፍልም ይባላል) በኢትዮጵያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት መሰናዶ ነው፤ ሲጀመር የአንድ ዓመት ነበር። የተስፋፋው በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው። ቀድሞ አፀደ ሕፃናት በአብዛኛው ከፍሎ ማስተማር ለሚችል የከተማ ወላጅ ነበር፤ በገጠር ፊደል የሚያስቆጥሩት የቄስ ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ለሁሉም መድረሱ ግን አጠራጣሪ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ወንዝ ተሻግራ ሩቅ መንገድ አትሄድም፤ በአርብቶ አደር አካባቢ ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። በር ላይ የደረሱትንም ብዙ ጊዜ የሚጠብቃቸው የተጨናነቀ ክፍልና ሕፃናትን ለማስተማር ያልሠለጠነ መምህር ነው። እንዲህም ሆኖ የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎታል።