የግብር መዝገብና የአያት መሬት፦ የሐረርን ሰነዶች ስለ ማንበብ

በሐረርና በዙሪያዋ የአያቱን መሬት ለይቶ ለማወቅ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው አንድ የግብር ደረሰኝ ነው። የአያቱን ስም እዚያ ላይ ሲያገኝ ፍለጋው የተፈጸመ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የግብር ሰነድ የሚነግረን ማን እንደ ከፈለ እንጂ መሬቱ የማን እንደ ነበረ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰነድ በዘመኑ ለምን ዓላማ እንደ ተጻፈ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በአሚሮቹ ዘመን የመሬት ዝውውር በዐረብኛ ይጻፍ ነበር። በእስላማዊ የውል አጻጻፍ ልማድ መሬት የሚለየው በአራቱ ወሰኖቹ ነው፤ በአንድ በኩል የጎረቤት እርሻ፣ በሌላ በኩል መንገድ ወይም ወንዝ ይጠቀሳል። ለፈላጊው ከባለቤቱ ስም ይልቅ እነዚህ ወሰኖች ይጠቅማሉ። የጎረቤት ሰነድ ከተገኘ የአንዱ ምዕራብ የሌላው ምሥራቅ ሆኖ መስማማት ይኖርበታል።

ወሰኖቹን ከምድር ጋር ለማገናኘት ካርታ ያስፈልጋል። ግብፆች ሐረርን የያዙት በ1875 እ.ኤ.አ. (1292 ዓ.ሂ.) ሲሆን፣ መኮንናቸው ሙሐመድ ሙኽታር ስለ አገሩ የጻፈው ጥናት በማግስቱ ዓመት ካይሮ ውስጥ ታትሟል፤ የከተማዋንም ካርታ አዘጋጅቷል። ለገጠሩ በ1፡50,000 መጠን የተዘጋጁት የኋለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ካርታዎች ወንዞችንና ኮረብታዎችን ያሳያሉ። የባለቤት ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲለዋወጥ ወንዝና ኮረብታ በስፍራቸው ስለሚቆዩ፣ ንባቡ ከእነርሱ ቢጀምር ይመረጣል።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሠራዊት ከተያዘች በኋላ በአካባቢው መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቆጠር ጀመር። ብዙ አራሽም አባቱ ባረሰው መሬት ላይ ገባር ሆነ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ባለው መዝገብ ባለመሬት ተብሎ የተጻፈውና መሬቱን ያረሰው ሰው ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ግብር በአንድ ስም ሲመዘገብ የወራሾች ብዛት ከመዝገቡ ይሰወራል። በፈራኢድ ሕግ ሴት ልጅ፣ እናትና ሚስት የተወሰነ ድርሻ አላቸው። የታላቅ ወንድም ስም ብቻ የሰፈረበትን ደረሰኝ የብቸኛ ባለቤትነት ማስረጃ አድርጎ የሚቀበል ሰው የእኅቶችን ሐቅ ሊያጠፋ ይችላል።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ስላደረገ፣ ጥንታዊ ሰነድ መገኘቱ ብቻ የአያትን መሬት አያስመልስም። ጥቅሙ የቤተሰብን ታሪክ ማስተካከል፣ ለመስጊድና ለመቃብር በወቅፍ የተሰጠውን ቦታ ማወቅና የዝምድና ክርክርን ማብረድ ነው። ከሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የጽሕፈትንና የምስክርነትን ክብደት የምናስተምር ኢማሞችና መምህራን አስተያየት ስንጠየቅ ሦስቱን ለይተን እንናገር፦ ሰነዱ የሚለውን፣ ካርታው የሚያረጋግጠውን፣ ሽማግሌዎች የሚተርኩትን። ሦስቱ ባልተስማሙበት ጊዜ ልዩነቱን እንዳለ ጽፎ ማቆየት ከአማና ይቆጠራል።