መፍጫው ሲነሣ የሚወርደው ብሬከር

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮን፣ የትውልድ ከተማዬ፣ ሽሮዋን የምታስፈጨው ወፍጮ ቤት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ወፍጮ ቤት ስለሌለ ሽሮውም በርበሬውም መጀመሪያ በሻንጣ ይመጣ ነበር። ኋላ ሴቶቹ ዛላውን እዚሁ እየገዙ፣ በኦቭን እያደረቁ፣ ራሳቸው መፍጨት ጀመሩ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ብዙ ሐበሻ ቤት ከምጣዱ አጠገብ ጉልበተኛ የቅመም መፍጫ አይታጣም።

የመብራት ሥራ ስለምሠራ፣ ልማዱ ሥር መስደዱን የሚነግረኝ ስልኬ ነው። «ልጄ፣ ይሄ አዲስ ቤት መፍጫዬን ጠልቶታል» ይሉኛል አንዲት እናት። በአሮጌው አፓርታማ ያለ ችግር ሲፈጭ የኖረው መፍጫ፣ አዲሱ ቤት ሲገቡ ገና ቁልፉ ሲነካ ብሬከሩን ይጥላል።

ነገሩ ከቤቱ ዕድሜ ጋር ይያያዛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በ1999 እትሙ ለመኝታ ክፍሎች ብልጭታ የሚለይ ብሬከር አዘዘ፤ ግዴታው በ2002 ጀመረ። የ2008ቱ እትም ወደ ሳሎንና መመገቢያ ክፍል አሰፋው፤ ኩሽናና ልብስ ማጠቢያ የገቡት በ2014ቱ ነው። ተራው ብሬከር የሚወርደው መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው። አዲሱ ግን የከረንቱን ቅርጽ እየተከታተለ፣ የላላ ሽቦ ወይም የተላጠ ገመድ የሚያስነሣውን ብልጭታ እሳት ሳይሆን ይቆርጣል።

መፍጫው ደግሞ ጤነኛም ሆኖ ብልጭ ይላል! በሞተሩ ውስጥ ሁለት የካርቦን ብሩሾች የሚሽከረከረውን መዳብ እየታከኩ ነው ከረንት የሚያስተላልፉት። ቫኪዩም ማጽጃም እንዲሁ ነው። ብሬከሩ ይህንን ከአደገኛው ብልጭታ እንዲለይ ቢሠራም አንዳንዴ ይምታታበታል፤ ቀደም ያሉት ሥሪቶች ይብሳሉ። ምጣድ ብሩሽ የለውም። ሆኖም 1,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይስባል፤ በዚያው ባለ 15 አምፔር መስመር ላይ መፍጫ ከተጨመረበት፣ ብሬከሩ የሚወርደው በጭነት እንጂ በብልጭታ አይደለም።

«እንግዲያው ተራውን ግጠምልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንቢ እላለሁ። መጀመሪያ መፍጫውን በሌላ መስመር፣ በመፍጫው ቦታ ደግሞ ሌላ ሞተር እሞክራለሁ። ጥፋቱ መፍጫውን ከተከተለው፣ ብዙ ጊዜ ብሩሹ አልቋል፤ ርካሽ ነው፣ ይቀየራል። ሶኬቱ ላይ ከቀረ ግን ከኋላው የላላ ሽቦ እፈልጋለሁ፤ ብሬከሩን ማማት እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ለሳጥኑ የተፈቀደ አዲስ ሥሪት ብሬከር መግጠም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

እኚያ እናት ግን ይህን ሁሉ አልጠበቁም። ጋራዥ ከነዚያ ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በርበሬውም ቤቱን ሙሉ አያስነጥስም። መፍጫው ጋራዥ ገብቷል፣ መኪናው ደጅ ያድራል።