ስምና ተራ ቁጥር፦ ስለ ዝርዝር ዓይነት ታሪክና ስያሜ

1. የነገሩ ምንነት

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሙያ አባሎቹ ጥቂት፣ አስቀድመው የታወቁና አንድ በአንድ በስም የተቈጠሩ የሆነ የነገር ወገን «ዝርዝር ዓይነት» ቢባል ተገቢ ይመስላል። ሰባቱ ዕለታት፣ ዐሥራ ሦስቱ ወራት፣ የአንድ ከተማ ክፍለ ከተሞች የዚህ ወገን ምሳሌዎች ናቸው። እያንዳንዱ አባል ሁለት ነገር ይዞ ይገኛል፤ አንዱ ስሙ ነው፣ ሁለተኛው በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር ነው። ሰው በስሙ ይጠራዋል፤ ኮምፒዩተር ግን በቁጥሩ ይይዘዋል። ስለዚህም ስሙን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሱና ተከታዩን አባል የሚያመለክቱ ረዳት ትእዛዛት ያስፈልጋሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ረዳቶች ከእጅ ጽሕፈት ወጥተው በመሣሪያ እስከ መመንጨት የደረሱበትን መንገድ ባጭሩ ካሳየ በኋላ፣ ከስምና ከቁጥር የአባሉ እውነተኛ መለያ ሊሆን የሚገባው የትኛው እንደ ሆነ በአገራችን ዝርዝሮች ላይ ይመረምራል።

2. ከፓስካል እስከ ጎ

ዝርዝር ዓይነትን ካስፋፉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ቀዳሚው ስዊዛዊው ሊቅ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ ያደረገው ፓስካል ነው። ፓስካል ተራ ቁጥርን፣ ተከታይንና ቀዳሚን የሚናገሩ ሦስት ረዳቶችን ያለ ጸሓፊው ድካም ያቀርብ ነበር፤ ሆኖም በመደበኛው ፓስካል የአባሉን ስም አትሞ ማውጣት አይቻልም ነበር። ይህን ጕድለት እ.ኤ.አ. በ1983 ደረጃው የጸደቀለት ኤዳ ሞላው። በሲ ቋንቋ ግን አባሉ ከቁጥር ብዙም ስለማይለይ፣ ስሞቹን የሚሻ ሰው ሁለተኛ ሰንጠረዥ በእጁ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። አንድ ዝርዝር በሁለት ቦታ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ታርሞ ሌላው ሳይታረም መቅረቱ የተለመደ ነው።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው አምስተኛው እትሙ ረዳቶቹን ከነስማቸው በቋንቋው ውስጥ አኖረ። ጎ የተባለው ቋንቋ ለዝርዝር ዓይነት የተለየ ክፍል ስለሌለው ሌላ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ከ1.4 እትሙ ጋር የተዋወቀው «ስትሪንገር» የተባለው መሣሪያ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ያነብባል፣ ስሞቹን ይለቅማል፣ ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰውን ረዳትም ራሱ ይጽፋል። ቈይቶም መሣሪያው በሚያመነጨው ጽሑፍ ውስጥ ዘብ አቆመ፤ የአባላቱ ቁጥር ተለውጦ ረዳቱ እንደገና ካልመነጨ ፕሮግራሙ አይተረጐምም።

3. የአገራችን ዝርዝሮች

ከቁጥር ስምን ማውጣት ለአገራችን ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። በባሕረ ሐሳብ የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ከ5500 ጋር 7517 ይሆናል፤ ቀሪው 1 ስለ ሆነ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። በፓስካል የመጨረሻው አባል ተከታይ የለውም፤ በባሕረ ሐሳብ ግን ከዮሐንስ ቀጥሎ ማቴዎስ ይመለሳል።

የዕለታት ስሞችም ተራቸውን በውስጣቸው ይዘዋል። እሑድ አንደኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት ነው። ማክሰኞ ደግሞ «የሰኞ ማግስት» ከሚለው የወጣ ስም ስለ ሆነ፣ ፓስካል በረዳት የሚያገኘውን ተከታይ አማርኛ በስም ውስጥ አስቀምጦታል። ይሁን እንጂ ረቡዕ በስሙ አራተኛ ሲሆን፣ ሳምንቱን ከሰኞ በሚጀምረው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሦስተኛ ነው፤ በጥንተ ቀመር ስሌት ደግሞ 1 ማክሰኞን ስለሚያመለክት ረቡዕ 2 ይሆናል። ዕለቱ አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ሦስት ነው። ከዚህ የምንረዳው ተራ ቁጥር የቈጣሪው እንጂ የአባሉ ባሕርይ አለመሆኑን ነው።

4. የአቃቂ ቃሊቲ ምሳሌ

አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቅራ ነበር። እነዚህን በሀለሐመ ተራ ብንደረድራቸው ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ቦሌ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አራዳ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ ከተማ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ የካና ጉለሌ ይሆናሉ፤ አቃቂ ቃሊቲ 6ኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም ግን በፊደሉ ምክንያት ከልደታ ቀድሞ የዝርዝሩ ራስ ሆነ። አቃቂ ቃሊቲ ወደ 7ኛነት ወረደ፤ የ6ኛነቱንም ስፍራ አራዳ ያዘው።

እንግዲህ አንድ መዝገብ የአቃቂን ነዋሪ መኖሪያ «6» ብቻ ብሎ ይዞ ቢገኝ፣ ረዳቱ በአዲሱ ዝርዝር መሠረት በመነጨ ዕለት በደቡብ ዳር የምትኖረው ሴት ከቤቷ ሳትነቃነቅ የአራዳ ነዋሪ ትሆናለች። ግብሯም፣ መታወቂያዋም፣ የልጇ የትምህርት ቤት ምደባም ስሕተቱን ይከተላሉ። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ዝርዝር በትክክል ጽፏል። ከላይ የጠቀስነው ዘብም አያድናትም፤ እርሱ የሚጠብቀው የረዳቱንና የዝርዝሩን ስምምነት ነው እንጂ ቀድሞ በመዝገብ የሰፈረውን ቁጥር አይደለም። አዲሱ አባል በፊደል ተራ ሳይገባ ከመጨረሻው ቢጨመር ጕዳቱ ይቀራል፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ነገ በፊደል ተራ የሚያስተካክል ትጉህ ሠራተኛ ያንኑ ጥፋት ያመጣዋል። አስተማማኙ መፍትሔ በመዝገብ ስሙን፣ ወይም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለሌላ የማይተላለፍ መለያ ማስፈር፣ ተራ ቁጥርንም ለመደርደሪያ ብቻ መተው ነው።

5. ስለ ስያሜው

ለሙያው ቃላት ሲመረጥ ይህ ልዩነት በስያሜው ሊታይ ይገባል። ስለዚህ ለወገኑ «ዝርዝር ዓይነት»፣ ለእያንዳንዱ «አባል»፣ ለስፍራው «ተራ ቁጥር»፣ ለማይለወጠው ምልክት «መለያ» ቢባል፣ ተራ ቁጥርና መለያ በአንድ ቃል እንዳይደባለቁ ይረዳል። ለተከታዩ «ማግስት»፣ ለቀዳሚው «ዋዜማ» የሚሉት ደግሞ በቋንቋችን ተዘጋጅተው የቈዩ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም የሚነገሩት አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ስም ጋር ተያይዘው ስለ ሆነ፣ ተራ ያለ ስም ብቻውን እንደማይቆም ለተማሪው ያስታውሱታል።