ቅጥርና ዐፀድ

ዐፀድ የሚለው ቃል በግእዝ የታጠረ ቦታን፥ ግቢን ያመለክታል፤ በአማርኛ ግን ቤተ ክርስቲያንን የከበበው የዛፍ ስፍራ ይጠራበታል። ቅጥርም ዛፍም በአንድ ስም መጠራታቸውን የሀገራችን የሕንጻ ታሪክ ያስረዳል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው አድርገው ግንብ አሠሩ። በስማቸው በሚጠራው የጥምቀት ስፍራ የዋርካ ሥር የቅጥሩን ድንጋይ አቅፎ ዛሬም ይታያል። እቴጌ ምንትዋብ በቍስቋም ቤተ መንግሥታቸውንና የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን አሠሩ። ልጃቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል፥ የራስ ኃይሉ እናት፥ በጎጃም የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር አቋቋሙ።

ነገር ግን ድንጋይ ከጥፋት አያድንም። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ቍስቋም አልተረፈችም። በሞጣና በቢቸና መካከል ባለችው በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ያማረ ሕንጻ በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን በስፍራው የሠሩትም ግንብ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል።

የዐፀድ ጠባቂ ግን ዘበኛ አይደለም። በጎጃም ደጋ እርሻው የቀደመውን ደን ሲበላው ጽዱ፥ ወይራው፥ ዋንዛውና ኮሶው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተረፉት በፈሪሃ እግዚአብሔርና በግዝት ነው። በገዢ የተሳደደ ሰው ደብር ገብቶ ደወል ሲደውል በዚያ ይጠጋ ነበር፤ ከሀገሩ የራቀ ተማሪም በደብሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ቅኔ ይቈጥራል። በቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ በዚህ ትምህርት የታወቀ ነው። ስለዚህ ዐፀድ የድሀው ግንብ ነበረ ማለት ይቻላል።

አሁን ግን ይህ ቅጥር ከውስጥ እየተነካ ነው። አዲስ ሕንጻ ሲታነጽ፥ መቃብር ሲሰፋ፥ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣው ባሕር ዛፍ በጥንቱ ዛፍ ቦታ ሲተከል ዐፀድ ይጠባል። ግንብ በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ ወይራ ግን ለአያት ተተክሎ ለልጅ ልጅ ጥላ የሚሆን ነው። እንግዲህ የደብር አስተዳዳሪም ሆነ ሕንጻ አሠሪ ምዕመን መሠረት ከማስቈፈሩ አስቀድሞ በስፍራው የቆሙትን ዛፎች ይቍጠር፤ የሕንጻው ቅርጽ ለእነርሱ ይታዘዝ። አባቶች ያወረሱን ዐፀድ ቢቈረጥ መልሶ የሚያቆመው ግንበኛ የለምና።