ዘር የሌለው ወይን ከየት መጣ? ለጓሯችንስ የትኛው ይሆናል?

«ዘር የሌለው ወይን የሚያበቅል ዘር» እያለ በፓኬት የሚሸጥ ሰው ቢገጥማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። ምክንያቱን ከታሪኩ ታገኙታላችሁ።

ወይን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አብያተ ክርስቲያናት ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፈው ለቅዳሴ እንደሚያዘጋጁ ጽፏል። ይህ ዛሬም አልቀረም። በጎንደር ዘመን በእንፍራዝ በኩል ወይን ይለማ ነበር። በቅርቡም ካስቴል ዝዋይ ላይ ሰፊ እርሻ አልምቷል። የዝዋዩ ሜርሎና ሲራ ግን ለመጠጥ የተመረጡ ስለሆኑ ፍሬያቸው ትንሽ ነው፣ ዘርም አላቸው።

ዘር የሌለው ጥንታዊ ዝርያ ሱልታና ይባላል፤ የመጣው ከፋርስና ከቱርክ አገር በኩል ነው። በ1870ዎቹ ዊልያም ቶምፕሰን የተባለ ገበሬ ካሊፎርኒያ ላይ ተከለውና «ቶምፕሰን» የሚል ስም ወጣለት። በፍሬው ውስጥ ዘሩ ይጀምርና ሳይጠነክር ይቀራል። ስለዚህ አይዘራም። ቆላ ያለ ዘመዳችሁ ሸንኮራን በቁራጭ እንደሚተክለው ሁሉ፣ ይህም ወይን እስከ ዛሬ የቆየው ከእጅ ወደ እጅ በቁራጭ እየተላለፈ ነው።

ከቶምፕሰን የተወለደው «ሂምሮድ» በ1952 ከኒውዮርክ ምርምር ጣቢያ ወጣ። ብርድ ይችላል፣ ቶሎም ይደርሳል። ቀዩ «ፍሌም» በ1973 የተለቀቀ ሲሆን ሙቀት ይወዳል።

እንግዲህ ለእኛ የቱ ይሻላል? የሞላሌ ችግር ሁለት ነው፦ ውርጭና ክረምት። ለጋውን ቡቃያ ውርጭ ከመታው የዓመቱ ፍሬ ቀረ ማለት ነው፤ የደረሰው ፍሬ ላይ ክረምቱ ከገባ ደግሞ ይፈነዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያላችሁ ቶሎ የሚደርሰውን ሂምሮድ ፈልጉ። ለሙከራ አንድ ሁለት ብቻ፣ ወደ ደቡብ ከሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ትከሉ፤ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆይለታል። ግረዛው ውርጩ ካለፈ በኋላ ይሁን። ወደ ጀማ ሸለቆና ወደ መርሐቤቴ ቆላ መሬት ያላችሁ ግን ፍሌም ወይም ቶምፕሰን ብትተክሉ ይሻላል። ቶምፕሰንን ስትገርዙ ቅርንጫፉን በጣም አታሳጥሩት፤ ከሥሩ ያሉት አይኖች ፍሬ አይሰጡም። ከ10 በላይ አይን ተዉለት።

ችግኝ ስትገዙ የዝርያውን ስም ጠይቁ። ከተቻለም እናት ተክሉን አይታችሁ ፍሬውን ቅመሱ። ቁራጭ እናቱን ነው የሚመስለው።